በጎማ ውስጥ የገባው ደወል

ሰኞ፣ ጥር 18

እምቢ አለ። ዛሬም እምቢኝ፣ አሻፈረኝ አለ። ከረፋድ እስከ ማታ ታገልን፤ ጎማውን በአንድ ጎን ሲያስገቡት በሌላው ጎን ይወጣል። ጎሚስታው ካሳሁን ላቡ ጠብ እስኪል ለፋ። ባሌ አያሌው በርጩማው ላይ ሆኖ በግራ እጁ እያመለከተ፣ «እዚያ ጋ ርገጠው! ልቀቀው! ሳሙና ጨምር!» ይላል። አፉ ትንሽ ስለተጣመመ ንግግሩ ይኮላተፋል፤ ስድቡ ግን ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው።

ይኼ ሁሉ ሲሆን የሽንኩርት ክምር ይጠብቀኛል። እሑድ ልጄን ምንታምርን እድራለሁ። በማግስቱ ነነዌ ይገባል፤ ወደ ኋላ የምንገፋው ነገር የለም።

ሰው ቢያየን ምን ይላል? በሠርግ ሳምንት ግቢያችን መሀል አንዲት አሮጌ የወታደር ጂፕ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አያሌው በወጣትነቱ ወታደር ሳለ የነዳት ዓይነት ናት፤ ጡረታ ሲወጣ በአሮጌ ብረት ጨረታ ገዛት። ሞተሯን አስነሳ፣ ቀለም ቀባት፣ ወንበሯን አሰፋ። ጎማ ላይ ሲደርስ፣ ባለፈው ክረምት፣ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ሰነፈ። ከዚያ ወዲህ ከግቢው በር ወጥቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን መሳም እንኳ ቀረ። ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እንዲህ ሆኜ አይዩኝ ነው ነገሩ። ከአልጋ የምታስነሳው ጂፗ ብቻ ናት።

ወንድሜ ዋሴ ድንኳኑን ቅዳሜ ጠዋት ያስተክላል። «እስከዚያ ካልወጣች ቁራሌው መጥቶ ቆራርጦ ይወስዳታል፤ አነጋግሬዋለሁ» ብሎ ሄደ። ካሳሁን ደግሞ፣ «ምን ችግር አለው፣ ጎረምሶች ሰብስበን ተሸክመን እናወጣታለን» አለ። አያሌው ቱግ አለ። «እንደ ሬሳ ተሸክማችሁ አታወጧትም! ወይ በእግሯ ትወጣለች፣ ወይ እዚሁ ትቆረጣለች!»

ሦስት እግሮቿ ጎማ ለብሰዋል። አራተኛው ላይ ካሳሁን መዶሻውን ሲያሳርፍ፣ ጎማው ሳይሆን ቸርኬው ቀጭ አለ። ጎማው የሚገጠምበትን ብረት ዝገት ጨርሶት ኖሯል፤ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ይበየድ ብል ካሳሁን፣ «ብየዳ ላይ አየር ሞልቼ ሰው አልገድልም፣ እትዬ» አለኝ። የዚህ ዓይነት ቸርኬ ፒያሳም ብትዞር፣ አዘዞም ብትወርድ የለም።

አያሌው ገብቶ ተኛ። ፊቱ ወደ ግድግዳ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አልተነሳም። ቁርሱን አልነካም። ጓዳ ውስጥ ሴቶቹ በርበሬ እየለቀሙ ይሳሳቃሉ፤ እኔ አብሬ እስቃለሁ፣ ጆሮዬ ግን መኝታ ቤት ነው።

የሚያስጨንቀኝ የጂፗ ነገር አይደለም። ብረት ናት፤ ብትሄድ ትሂድ። ሰውዬው ነው። ክረምቱን እንዲህ ተኝቶ ዓይኔ እያየ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ አልጋ ያስነሱት መድኃኒቱም እኔም አይደለንም፤ ጎማ ልገጥም ብሎ ነው የተነሳው። ቅዳሜ ጂፗ ተቆራርጣ በጋሪ ስትወጣ ካየ ዳግመኛ አይነሳም። እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ።

ምንታምር ጥፍሯን ልትሠራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና፣ «እማዬ፣ አባዬ እሑድ ይነሳል አይደል?» አለችኝ። «ምን ሆኖ አይነሳም!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቱ ምን አደረገችኝ?

ከሰዓት ምሳውን ይዤ ገባሁ። ከግድግዳው ጋር እንደሚያወራ ሰው፣

«አንድ አለ» አለ።

«ምኑ?»

«ቸርኬው።»

«የት?»

«አንቺ ትምህርት ቤት።»

ገባኝ። ደሜ ፈላ።

አምባ ጊዮርጊስ ጀማሪ መምህርት ሳለሁ ትምህርት ቤቱ ደወል አልነበረውም። ልጆቹን የምሰበስበው እጄን እያጨበጨብኩ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወታደር ሾፌር ለጂፑ ውሃ ሊለምን ቆመና ሳጨበጭብ አይቶ ሳቀብኝ። በሳምንቱ ከተሰባበረች ጂፕ የተፈታ ቸርኬ ተሸክሞ መጣ። ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ላይ በሰንሰለት ሰቀለው፤ በብረት ሲመታው አገሩን አናጋው። «በይ መምህርት፣ እጅሽ ይረፍ» አለኝ። እጄን ከመጠየቁ በፊት ቸርኬ የሰጠኝ ሰው ነው። አሁንም ቀለበት የሚባል ነገር ከተነሳ፣ «ያንቺ ቀለበት ጥድ ላይ ነው» ይለኛል።

ያንን ሄጄ አውርዱልኝ ልበል? በየት አፌ? «አላደርገውም! አንተ ሰውዬ ዓይንህን በጨው ታጥበሃል!» አልኩት።  ምሳውን ሳይነካው መለስኩት።

አመሻሽ ላይ የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ አጠያየቅሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

እግሬ አብጧል። ውርደቴንም ጨምሬ ልጻፈው።

መንገዱ ክፍት ነው ሲሉኝ በጠዋት ወጣሁ። ኮሶዬ ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። አምባ ጊዮርጊስ ስወርድ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ወጣት ሆኜ እንዴት ቻልኩት እባክህ? ትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ጨምሯል። ጥዱ ግን ያው ነው። ቸርኬውም ያው ነው፤ ከነሰንሰለቱ።

ዳይሬክተሩ ክፍል ውስጥ ነው፣ ጠብቂ አሉኝ። ተማሪዎቹ ትምህርት ላይ ናቸው፤ ግቢው ጭር ብሏል። መምቻው ብረት ዱሮ የማስቀምጠው ቦታ ተቀምጧል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አንዴ ብቻ ድምፁን ልስማው ብዬ አነሳሁና መታሁት። ሆዴ ባባ። ደገምኩት። ሠለስኩት።

ኧረ በስመ አብ! ስንት ዓመት የኖርኩበትን አገር ደንብ ረሳሁት! ያ ደወል ያለ ሰዓቱ ከተመታ የእሳት ጥሪ ነው፣ ወይ የሌባ። ካውድማው መንሹን እንደያዘ የሚሮጠው፣ ዱላ የያዘው፣ ውሃ በባልዲ የተሸከመችው፣ ሁሉም ግልብጥ ብሎ መጣ። «የት ነው? የማን ቤት ነው የሚነደው?» ተማሪዎቹም ከየክፍላቸው ወጡ። እኔ ብረቱን እንደያዝኩ መሀላቸው ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ!

«ምንም አልነደደም። እኔ ነኝ» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ሰዉን ከፍለው ወጡ። አያ መኰንን ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማርኩላቸው። «ምነው መምህርት! ምነው! አበድሽ እንዴ?»

ለዳይሬክተሩ ለብቻው ልነግረው ያሰብኩትን ላገሩ ሁሉ ለፈለፍኩት። ሠርጉን፣ ጂፗን፣ የተሰነጠቀውን ቸርኬ፣ ግድግዳውን። ባልዲ የያዘችዋ ሴት ተቆጣች፤ «ደወላችንን ለጎማ? ይኼ እኮ ስንት ቤት ከእሳት ያዳነ ነው!» አንዱ ደግሞ፣ «ያመጣው ማን ሆነና? የራሱን ቢወስድ ማን ከልካይ አለው!» አለ። ተጯጯሁ። ዳይሬክተሩ ለጋ ልጅ ነው፤ መጥቶ ሰማና እስከ ሰኞ በፊሽካ እንደሚሠሩ፣ ማክሰኞ ግን ፈተና ስለሚጀመር ደወሉ ግድ እንደሆነ ተናገረ።

አያ መኰንን ቀረብ ብለው፣ «አያሌው ምነው ራሱ አልመጣ?» አሉኝ።

«አሞታል፣ አያ መኰንን።»

«ሰምተናል። ልንጠይቀው ብንልክ ሰው ማየት አይሻም ተባልን።» ወደ ጥዱ ቀና አሉ። «ይሂድ። ለሠርግ ማዋስ ሸጋ ነው፣ ነውር የለውም። ግን ውሰት ነው። ሲመለስ ያኔ ያመጣው ሰው ራሱ ያምጣው፣ ራሱ ይስቀለው። ከሌላ ሰው እጅ አንቀበልም።»

«ይበል!» አለ ሰዉ ሁሉ።

እኔም እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል? አፌ እሺ ሲል ልቤ ስንጥቅ አለ። የራሱን በር የማያልፍ ሰው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ይመጣል ብዬ ቃል ሰጠሁ።

ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት ቸርኬውን ጣሪያ ላይ እየጫነ፣ «እናቴ፣ መኪናው የት ቀረ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ቸርኬው መሬት ሲነካ አያሌው ድምፁን ሰምቶ ከአልጋው ተነሳ። «ምን አሉሽ?» «ውሰጂ አሉኝ። ለማክሰኞ መመለስ አለበት።» ማን መመለስ እንዳለበት ግን ዋጥ አደረግሁት።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። መዶሻ አይነሳም። አያሌው፣ «እመቤታችን ታውቀናለች፣ ቀስ ብለን ብንመታው» ብሎ ሊለማመጠኝ ሞከረ። እምቢ አልኩ። ካሳሁንም በበዓል ዝር አይልም።

ቸርኬውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፀሐይ ሲሞቅ ዋለ። በግራ እጁ ዙሪያውን ይዳስሰዋል። ዘመን ሙሉ ምት ያረፈበት ቦታ የቸርኬው ከንፈር፣ ጠርዙ፣ ወደ ውስጥ ተጨፍልቋል። «ጎማ እዚህ ጋ አይቀመጥም» አለኝ። ቀጠለና፣ «ይኼ ሁሉ ዱላ ያንቺ ነው፣ መምህርት። ምን ብትጠዪኝ ነው?» አለ።

«አንተ ነህ ምቺው ያልከኝ!»

ሳቀ። ሳቁ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ቢሆንም ሳቅ ነው። ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ይቺን ቀን አላበላሽበትም አልኩ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ገባ! መጀመሪያ እሱን ልጻፍ። ገባ!

ካሳሁን የተጨፈለቀውን ከንፈር በእሳት አግሎ በመዶሻ ሲያቃናው፣ በመታው ቁጥር ደወሉ ይጮሃል። ጎረቤት፣ «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? ምን ሆኖ ነው?» እያለ ወጣ። አያሌው ከጂፗ ጀርባ ተደበቀ።

ከዚያ ጎማው። መጋዘን ተቀምጦ የደረቀ የድሮ ጎማ ነው፤ እንጨት በለው። አንዴ ገባ ስንል አየር የሚሞላው የውስጡ ካላማዳሪያ በብረቱ ተቆንጥጦ ተበሳ። ወጣ፣ ተለጠፈ፣ እንደገና ገባ። የሳሙናው ውሃ ወዲያው ይደርቃል። ካሳሁን መፈልቀቂያውን ብረት ወረወረና፣ «እኔ ከዚህ ጎማ ጋር የድሮ ጠብ አለብኝ እንዴ?» ብሎ ተቀመጠ። ዋሴ በሩ ላይ ስልኩን ይጎረጉራል። ለማን እንደሚደውል አውቃለሁ። ቆሽቴ አረረ።

ጓዳ ገባሁ። የጾም ቀን ስለሆነ ለሥራ ለመጡት ሴቶች ተልባ ተበጥብጧል። ማሰሮውን ላነሳ ብል ከእጄ ሙልጭ ብሎ አመለጠኝ፤ ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። እጄን አየሁት። ይዝለገለጋል።

ማሰሮውን ይዤ ወጣሁ። ካሳሁን አይቶኝ፣ «እትዬ፣ ጎማውም ይጾማል እንዴ?» አለ።

«ዝም ብለህ ቅባው!»

ዙሪያውን ቀባነው። ካሳሁን ብረቱን ይዞ ጠመዘዘ፤ እኔ በሁለት እግሬ ጎማው ላይ ወጣሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በሙሽራ እናትነቴ። «እርገጪ መምህርት! እርገጪ!» ይላል አያሌው። ዞር ስል በርጩማው ላይ የለም። በግራ እጁ ጂፗን ተደግፎ፣ ያንን የሚጎትተውን ቀኝ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ አብሮኝ ይረግጣል። ጎማው ሸርተት ብሎ ገባ። አየር ሲሞላ ጧ! ጧ! አለና ከንፈሩ ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ጓዳ ያሉት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልልታውን አቀለጡት።

ልብሴ ሁሉ ተልባ ነው። ደክሞኛል። ደስ ብሎኛል። የአያ መኰንን ቃል ግን እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

በእግሯ ወጣች። ባትሪ ስለሌላት ገፋናት። አያሌው መሪውን በግራ እጁ ያዘ፤ አራተኛው እግሯ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ እሱ ግን ቁና ቁና ተንፍሶ ከበሩ አሳለፋትና አጥሩ ጥግ አቆማት። ዋሴ ይዞት የመጣው ቁራሌው እንኳ ገፍቶልናል።

መሪውን እንደያዘ መንገድ ላይ መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው። ጎረቤቶች ሲመጡ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋና፣ «አስገቡኝ» አለ። ደግፌ አስገባሁት። ድንኳኑ ተተክሏል። ወገቤን ዘርግቼ ልተኛ።

እሑድ፣ ጥር 24

ዳርኳት። እግዚአብሔር ይመስገን።

አያሌው ድንኳን ውስጥ እየተጎተትኩ አልታይም ብሎ በጠዋት ሄዶ ጂፗ ላይ ተቀመጠ። ከመሪው ጀርባ ሲቀመጥ እግሩ መጎተቱ አይታይም፤ ካፖርቱን ለብሶ ሸጋ ሆኖ ተሰይሟል። እንግዳው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ስሞ ገባ። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲመጡ ጂፗ በር ስለሌላት ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ምንታምር ቀኝ ጉልበቱን መርጣ ሳመችው። ያንን የታመመውን።

አለቀሰ። አለቀስን። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እግሬ ጫማ አልቀበል ብሏል።

ሰኞ፣ ጥር 25

ነነዌ። ቤቱ የትርፍራፊና የባዶ ጠርሙስ ነው። ልጄ ሄዳለች።

ነገርኩት። ሁሉንም። አያ መኰንን ያሉትን፣ እኔ እሺ ያልኩትን።

«አልሄድም» አለ።

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ማን ስጪ አለሽ? ትናንት ሰው ዓይኑን ሲጥልብኝ ዋለ፤ ይበቃኛል።»

ጎማውን ልናወልቅ ደግሞ ሌላ ጉድ! ያ አልገባም ብሎ የገደለን ጎማ አልወጣም አለ። ተልባው ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ካሳሁን፣ «እትዬ፣ በተልባ ለጥፈሽው እኮ ነው!» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ዋለ። በመጨረሻ አንድ ጭነት መኪና ለምኖ ጎማው ጫፍ ላይ አስወጣበት፤ ያኔ ተላቀቀ። ጂፗ በሦስት እግርና በአንድ ድንጋይ ቆማለች። ቢሆንም ከአጥሩ ውጭ ናት፤ ዋሴም ተወት አርጓታል።

ቸርኬውን አጥቤ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። አያሌው ተኝቷል። ፊቱ ወደ ግድግዳ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ «ስማኝ አያሌው። ደክሞኛል። ለምኜህ ደክሞኛል፣ ሸፍኜልህ ደክሞኛል። ነገ ብቻዬን ከሄድኩ አይቀበሉኝም። ልጆቹ ያለ ደወል ይፈተኑ ማለት ነው። እንዳሻህ» አልኩት።

ጋቢውን ወንበሩ ላይ አደረግሁለት። ከዚያ በላይ አልለመንኩም።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ስነሳ አልጋው ባዶ ነበር። ደነገጥኩ። ወጥቼ ሳይ ጋቢውን ለብሶ ቸርኬው ላይ ተቀምጧል። ጫማውን ለብቻው ሲያስር ጊዜ ፈጅቶበት ነው መሰለኝ ግንባሩ አልቦታል። «ሚኒባሱ ያመልጠናል፣ ምን ትጎለቻለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔን!

 አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ገና ተማሪ አልገባም፤ ዳይሬክተሩና ዘበኛው ብቻ ናቸው። እነሱ ቸርኬውን ከፍ አደረጉት፣ አያሌው ሰንሰለቱን በግራ እጁ አሰረ። ሌላ ሰው ስላላየው ፊቱ ፈታ ብሏል። «እስኪ አንዴ ልሞክረው፤ መዶሻ አርፎበታል» አለ።

ያለ ሰዓቱ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። ዳይሬክተሩም ሊናገር ሲል በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

ብረቱን ቀኝ እጁ ላይ አስያዝኩት። እጁ አልታዘዝ ቢለው በግራው ደገፈውና መታው። ከንፈሩ ስለተቃና ድምፁ ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሏል። ደስ አለው። ደገመው። ሠለሰው።

መጡ። መንሽ፣ ዱላ፣ ባልዲ። «የት ነው? የት ነው የሚነደው?» አያሌው ብረቱን እንደያዘ ክው አለ። ፊቱን የሚያዞርበት ግድግዳ ፈለገ፤ ጥድ ብቻ ነው ያለው። ካውድማ የመጣው አንዱ አወቀውና፣ «አያሌው ነው! ኧረ አያሌው ነው!» ብሎ ጮኸ። ከበቡት። «ምነው ጠፋህ! ምነው ጨከንክብን!» እያሉ አገላብጠው ሳሙት። ያቺ ባልዲ የያዘችዋ ሴት ሳትቀር። አያ መኰንን በስተመጨረሻ ደረሱ፤ ያንን የሰነፈውን እጁን ያዙና፣ «አመጣኸው? ሸጋ» አሉት። እጁን ግን አልለቀቁትም። ይዘውት ጥዱ ሥር ተቀመጡ። ፈተናው እስኪጀመር ድረስ ሲያወሩ ነበር፤ እሱም ያወራ ነበር፣ በዚያ በተጣመመ አፉ።

ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ በጎን አየኝ።

«ያለ ሰዓቱ እንደሆነ አውቀሽ ነው አይደል?»

«አዎ።»

 ኮሶዬን ካለፍን በኋላ፣ «ደባርቅ አንድ ሰው ጋ የዚህ ዓይነት ቸርኬ አለ ይላል መኰንን» አለ።

«እኔ ሞቻለሁ አያሌው። ደባርቅ የምትሄደው ብቻህን ነው።»

«እሄዳለሁ» አለ።